ንዕማንን ጠቅሰህ ግያዝን ለምን ዘለልከው?

ሰሞኑን ከዚህም ከዚያም እየተላከ የደረሰኝ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው አማኝ ነኝ ይላል፤ እኔም አልጠራጠረውም። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። በዚህ ኑሮ ውድነትና በዚህ ቢሮክራሲ እጁን ያላነካካ ክርስቲያን ሆኖ መኖር አይቻልም፣ እግዚአብሔርም ይህን ስለሚያውቅ አይጠብቅብንም፣ ስለዚህ ዓለም የምትጠይቀውን ትንሽ ትንሽ እየሰጡ ልብን ለእግዚአብሔር ማስቀመጥ ነው ብልህነት። ለዚህም ማስረጃ ደርድሯል። ሁሉም ያደርገዋል፤ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ ንዕማንና ዳንኤልም ተመሳስለው ኖረዋል፤ ፈተናን መሸሽ የደካማ ነው፤ ታማኞቹስ ምን አተረፉ? በዚያ ላይ ንስሐ ሁልጊዜ አለ።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ችግሩም እሱ ነው። ያነበቡት ወጣቶች «ተገላገልኩ» እያሉ ሲቀባበሉት አየሁ። ከምን እንደተገላገሉ ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ሁሉም ያደርገዋል።»

ጸሐፊው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ጠቅሶ የአገራችን እውነታ ይኸው ነው ይለናል። እውነታ መሆኑን ማን ካደ? ተረት ሁሉ ግን ወንጌል አይደለም። የሰጠው ምሳሌ በአንድ ድርጅት ግዢ ክፍል የሚሠራ ወጣት ነው። ደሞዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚሆን ልንገረው። ደንቡ ከሦስት የተለያዩ ሱቆች ፕሮፎርማ ሰብስበህ የሚሻለውን ግዛ ይላል። ልጁ አንድ ሱቅ ይገባል። ባለሱቁ መሳቢያውን ይስብና ሦስት ማኅተም ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ሦስት ድርጅት፣ ሦስት ስም፣ አንድ ወንበር። ሦስቱንም ፕሮፎርማ እዚያው ይሞላና «የኔን ዝቅ አድርጌዋለሁ» ብሎ ፈገግ ይላል። ከዚያ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ «ደረሰኙን ስንት ብዬ ልጻፍልህ?» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀንድና ጅራት ያለው ሰይጣን የለም። ስክሪብቶ ይዞ የሚጠብቅ ጨዋ ሰውዬ ነው ያለው፤ ሻይ ሁሉ ያዝልሃል።

ልጁ እምቢ ቢል ነገሩ እዚያ አያበቃም። አለቃውም፣ ሒሳብ ክፍሉም፣ መጋዘን ያለው ሰውዬም ድርሻቸውን ለምደዋል። የማይበላ ሰው መሃላቸው ሲገባ ይፈሩታል። «ጻድቁ መጣ» ይሉታል። መስክ አይልኩትም፣ አበል ይቀርበታል፣ አንድ ቀንም ባልሠራው ጥፋት ደብዳቤ ይደርሰዋል። እዚህ ላይ ጸሐፊው አላጋነነም። ነገር ግን «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ነገር እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ መብላት ትክክል መሆኑን አይደለም። ዘጸአት 23 ላይ ብዙ ሰው ተከትለህ ክፉ አታድርግ ይላል፤ ስድስት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ ጉቦ አትቀበል፣ የሚያየውን ሰው ዓይን ያሳውራልና ይላል። ሁለቱ አንድ ምዕራፍ ላይ የተገናኙት እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አቡነ ጴጥሮስም ፊት የቀረበው ጥያቄ ይኸው «ሁሉም» ነበር። ጣሊያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ከመግደሉ በፊት ችሎት አቁሟቸው ነበር። ካህናቱም፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም ገዥነታችንን ተቀብለዋል፣ እርስዎ ለምን ብቻዎን ያምፃሉ ተባሉ። አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ ናቸው፣ እኔ ግን ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ኃላፊነት ያለብኝ አባት ነኝ ብለው እንደመለሱ ይነገራል። ስንት ሰው እንደተቀበለ አልቆጠሩም። የተጠየቁት ስለ ብዙኃኑ፣ የመለሱት ስለ ራሳቸው ኃላፊነት።

አንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የእናቱን ካርታ ለማውጣት ስድስት ወር ተመላልሶ በመጨረሻ «ፋይልህ ጠፍቷል» የተባለ ሰውና ፋይሉን መሳቢያው ውስጥ ደብቆ እጅ እጅ የሚያይ ሰው አንድ አይደሉም። አንዱ ተዘርፏል፣ ሌላው ዘርፏል። ሁለቱንም እኩል «ጉቦኛ» የሚል ስብከት አልወድም። የጸሐፊው ችግር ይህን ልዩነት ሳያደርግ የተዘራፊውን ጭንቀት ወስዶ ለዘራፊው ሰበብ ማድረጉ ነው።

«እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው።»

ይህ ከ1ኛ ሳሙኤል 16 የመጣ ነው። እስቲ ምዕራፉ ላይ ምን እየሆነ እንደነበር እንየው። ሳሙኤል ንጉሥ ሊቀባ የእሴይ ቤት ሄዷል። ኤልያብን፣ ትልቁን ልጅ፣ ቁመናውን አይቶ «ይኼማ ነው» አለ። እግዚአብሔር ደግሞ ፊቱንና ቁመቱን አትይ፣ ሰው ፊትን ያያል እኔ ግን ልብን አያለሁ አለው። ወሬው ስለ መልክና ስለ ቁመት ነው። እጅህ የፈለገውን ይሥራ፣ ልብህ ብቻ ጥሩ ይሁን የሚል ቃል የለበትም። ደግሞ ልብ ስለሚታይ ደስ ሊለን ይገባል ያለው ማነው? ኤርምያስ የሰው ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ ነው ይላል። ጌታም መስረቅ፣ መዋሸት፣ ማመንዘር የሚወጣው ከልብ ነው ብሏል። ልቤ ታይቶ ነፃ የምወጣ ከመሰለኝ ልቤን በደንብ አላየሁትም ማለት ነው።

«ንዕማን ሰግዷል፣ ዳንኤልም ስሙን ቀይሯል።»

ከባዱ ነጥብ ይህ ነው። ረጋ ብዬ ልሂድበት።

ጸሐፊው የጠቀሰው 2ኛ ነገሥት 5 ነው። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ነጻ፤ ከዚያ ኤልሳዕን፣ ንጉሤ እጄን ተደግፎ በጣዖቱ በሬማን ቤት ሲሰግድ እኔም አብሬ ባጎነብስ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለው። ኤልሳዕም «በሰላም ሂድ» አለ። ጸሐፊው እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋና፣ «ይኸው፣ ነቢዩ ራሱ ለመሥሪያ ቤት ብሎ ማጎንበስን ፈቅዷል» ይላል።

እስቲ ቀደም ካለው ቁጥር እንጀምር። ንዕማን ከእንግዲህ ለእግዚአብሔር እንጂ ለሌላ አማልክት አልሠዋም ብሎ ሁለት በቅሎ የሚጭኑት የእስራኤልን አፈር ለምኖ ወስዷል። ትናንት ያመነ ሰው ነው። የሚያስጨንቀውን ነገር ለነቢዩ አፍ አውጥቶ ተናገረ፣ ኃጢአት መሆኑን አምኖ አስቀድሞ ይቅርታ ጠየቀ። «ምን ችግር አለው፣ ልቤን ያየዋል» አላለም። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ፓስተሩ ሄዶ «አባቴ፣ ሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ፣ ሲከብደኝ ነው የማድረው» ቢል እኔ ድንጋይ አልወረውርበትም። ከጸሐፊው ወጣት ጋር ግን ምን አገናኘው? ያ ወጣት ያዘነበት ቦታ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ወንድሜ፣ አሁን ደግሞ ያንኑ ምዕራፍ ወደ ታች አንብበው። ንዕማን ያመጣውን ስጦታ ኤልሳዕ አልቀበልም ብሎ መልሶታል። ሎሌው ግያዝ ይህን አይቶ ነደደው። ሶርያዊውን እንዲሁ ባዶውን ሰደደው ብሎ፣ ልብ በል፣ በሕያው እግዚአብሔር ስም ምሎ ተከትሎት ሮጠ። የፈጠራትንም ታሪክ እያት። አሁን ገና ሁለት የነቢያት ልጆች ከኤፍሬም አገር መጡብን፣ አንድ መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ስጣቸው ብሎሃል ጌታዬ አለ። ለራሱ አልጠየቀም፣ ለእንግዶች ነው። ንዕማን ሁለት መክሊት ሰጠው፣ በከረጢት አሳሰረለት፣ ሁለት ሎሌዎችም አሸከመለት። ግያዝ ከኮረብታው ሲደርስ ተቀበላቸውና ቤት ውስጥ ደበቀው፣ ሰዎቹን አሰናበተ፣ ገብቶም ምንም እንዳልተፈጠረ ጌታው ፊት ቆመ። ከወዴት መጣህ? የትም አልሄድኩም።

እንግዲህ ይህ ታሪክ የግዢ ክፍል ታሪክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የሌለ እንግዳ፣ የተጨመረ ዋጋ፣ የድርጅቱ ስም፣ የተደበቀ ብር፣ «የትም አልሄድኩም»። ኤልሳዕ «ብር የምትቀበልበት ጊዜ ነውን?» ብሎ ጠየቀው፤ የንዕማን ለምጽም በግያዝ ላይ ተጣበቀ። አንድ ምዕራፍ ነው፣ ሁለቱ ሰዎችም ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ንዕማንን ለክተህ ስታወጣ ግያዝን በመቀስ ቆርጠህ መጣል አትችልም። ሰይጣንም በጌታ ፈተና ላይ መዝሙር ሲጠቅስ ያደረገው ይኸው ነበር። መላእክቱን ያዝልሃል የሚለውን አነበበ፣ «በመንገድህ ሁሉ» የምትለዋን ዘለለ። ጸሐፊውን ሰይጣን ማለቴ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ፈተና ግን ብዙ ጊዜ ጥቅስ ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ ደግ ነው።

ዳንኤልን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሹን እውነት ተናግሯል። ዳንኤል ብልጣሶር ተብሏል። የከለዳውያንን ቋንቋ ተምሯል፣ ለንጉሡ ሠርቷል። ከዓለም ሽሽ ብሎ በረሃ አልወረደም። ግን የንጉሡን መብልና ጠጅ እምቢ ብሎ አሥር ቀን በጥራጥሬና በውኃ ፈትነኝ ያለውም እሱ ነው። ስሙን ሲቀይሩት ዝም አለ፣ መብሉ ሲመጣ ግን መስመር አሰመረ። መስመሩን ያሰመረውም በልቡ ቆርጦ ነው፣ ማዕዱ ፊት ተቀምጦ «እስቲ ልየው» ሲል አይደለም። አርጅቶ በዳርዮስ ዘመን ጠላቶቹ የሥራ ጥፋት ፈልገው ፈልገው አጡበት፤ ታማኝ ነበረና። ሦስት ማኅተም መሳቢያው ውስጥ ቢኖረው ኖሮ በአምላኩ ጸሎት በኩል ወጥመድ መፈለግ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ሥራ ላይ ሆኖ ታማኝ መሆን አይቻልም ለሚለው መጥምቁ ዮሐንስም መልስ አለው። ቀራጮች መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ቀረጥ መሰብሰቡን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አለ። ወታደሮቹንም መሣሪያችሁን ጣሉ ሳይሆን በደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። የዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝ ከዛሬው የኛ ደሞዝ ይሻል ነበር የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

«ዓረብ አገር ያሉት እህቶቻችንስ?»

ጸሐፊው ስም ቀይረው፣ ማተባቸውን ፈተው፣ ዓረብ አገር ሥራ የገቡ እህቶችን አንስቶ «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላል። ይህን ሳነብ ተናደድኩ፣ አልደብቅም። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ቤተሰብ ሊያበሉ የሄዱ፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ያለ፣ የክፍላቸው በር ከውጭ የሚቆለፍባቸው ናቸው። መታጠቢያ ቤት ተቆልፈው ድምፅ ሳያሰሙ የሚጸልዩ አሉ። የእነሱ ነገር ለእነሱና ለእግዚአብሔር የሚተው ነው። እነሱ ያለቀሱበትን ነገር አንተ ለኮሚሽን መከላከያ አታድርገው። እነሱን የገጠማቸው ግዳጅ ነው፤ ግዢ ክፍል ያለው ልጅ ፊት የቀረበው ግን ግብዣ ነው።

«ፈተናን መሸሽ የደካማ ነው።»

ጠንካራ ክርስቲያን ጭፈራ ቤት ገብቶ፣ ከፈለገችው ጋር አምሽቶ፣ ሳይወድቅ ይወጣል ይላል ጸሐፊው። ዮሴፍ ደካማ ነበር ማለት ነው እንግዲህ። የጲጥፋራ ሚስት በየዕለቱ ስትነዘንዘው አብሯት መሆንን እንኳ እምቢ ይል ነበር፤ ልብሱን ስትይዘው ልብሱን እጇ ላይ ጥሎ ሮጠ። ቆሞ «እስቲ በመንፈስ ልቋቋመው» አላለም። ጳውሎስ ከዝሙት ሽሹ ይላል፣ ለጢሞቴዎስም ከጎልማሳነት ምኞት ሽሽ ይለዋል። ያዕቆብ ደግሞ ዲያብሎስን ተቃወሙት ይሸሻል ይላል። ዲያብሎስን ቁሙና ተቃወሙ፣ ከምኞት ሽሹ። እኛ ደግሞ ገልብጠን ከጸሎት እየሸሸን ከምኞት ጋር እንጋፈጣለን። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስልክ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ «እኔ አልወድቅም» የሚል ሰው ምን እየተቋቋመ እንደሆነ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መሸሽ ብቻውን መድኃኒት አይደለም፣ ይህን እቀበላለሁ። አባ እንጦንስ በረሃ ገብተውም ፈተናው ተከትሏቸዋል። ጌታም የተፈተነው ሰው በሌለበት በረሃ፣ አርባ ቀን ጾሞ ነው። የኛ አባቶች ሦስቱን ፈተናዎች ስስት፣ ትዕቢት፣ ፍቅረ ንዋይ ብለው ያስተምሩናል፤ ሦስቱም ለብቻ በተቀመጡበት ይመጣሉ። ቢሆንም በረሃ የሚከተልህን ፈተና መታገልና በገዛ እግርህ እደጁ ድረስ ሄደህ ማንኳኳት ለየቅል ናቸው።

«ታማኞቹ ምን አተረፉ?»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የእኛን ሰባኪዎች ይወቅሳል፣ ልክም ነው። ዮሴፍ ታማኝ ሆነ፣ ቤተ መንግሥት ገባ፣ አንተም ታማኝ ሁን መኪና ይመጣልሃል የሚል ስብከት ስንት ሰምተናል! እንዲህ ተሰብኮለት እምቢ ያለ ልጅ ከሥራ ሲባረር የሚጣላው ከእግዚአብሔር ጋር ነው። ዮሴፍ የተሸጠው የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ነው፣ ፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ። መሃል ላይ ባርነትና እስር ቤት አለ። እስር ቤት የገባውም እምቢ ስላለ ነው፤ እሺ ቢላት ኖሮ ምናልባት ሹመቱን ይዞ ይቀመጥ ነበር።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚተመው ሕዝብ የሚያከብረው የሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት መዳን ነው። ስለት ያስገባል፣ እልል ይላል፣ ደስ ይላል። ልጆቹ ግን እሳቱ ውስጥ ከመጣላቸው በፊት ያሉት ቃል አለ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነን እንኳ ላቆምከው ምስል አንሰግድም። ይህን «ባያድነን እንኳ» የሚለውን ስለት ይዞ የሚሄድ ሰው ስንት ይሆን? ታማኝነታቸው ከመዳናቸው በፊት አልቋል። መልአኩ ባይመጣም ያው ነበሩ።

መልአክ ያልመጣላቸውም አሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። «ምን አተረፉ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሒሳቡን የሚያሰላው በምን እንደሆነ አስቀድሞ ይንገረን። አሳፍም ቢሆን በመዝሙሩ የክፉዎችን ሰላምና ብልጽግና አይቶ እግሬ ሊንሸራተት ጥቂት ቀረው ብሏል። ጥያቄው ያለ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስም አይደብቀውም። ጸሐፊው ግን አሳፍ ተንሸራትቶ ሊወድቅ የደረሰበትን ቦታ መኖሪያ ቤት አደረገው።

«ንስሐ ሁልጊዜ አለ።»

በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በመጨረሻዋ ሰዓት ገነት ገብቷል፣ ስለዚህ አሁን እንኑር፣ በኋላ እንመለሳለን ነው ነገሩ። ፈያታዊ ዘየማን ግን ንስሐውን ለመጨረሻ ሰዓት አላስቀመጠም። ጌታን ባወቀባት በዚያች ሰዓት ነው የተመለሰው። በግራ የተሰቀለውም እኮ የመጨረሻ ሰዓት ነበረው።

ጽሑፉ የሚዘጋው «ንጹሕ ነኝ የሚል ድንጋይ ይወርውርብኝ» ብሎ ነው። እኔ ድንጋይ አልያዝኩም። ጌታ ግን በምንዝር ለተያዘችው ሴት እኔም አልፈርድብሽም ካለ በኋላ እዚያው ላይ ከአሁን ጀምሮ ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ ብሏታል። መጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን መተው ያው ግያዝን የዘለለው አነባበብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዘኬዎስ ቀራጭ ነበር፣ ያውም የቀራጮች አለቃ። ጌታ ቤቱ የገባ ቀን ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፣ በሐሰት የወሰድኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ስለ ልቡ ብዙ አላወራም፣ ብር ነው የቆጠረው። ጸሐፊው ስለ ንስሐ ይህን ያህል ሲጽፍ ስለ መመለስ አንድ መስመር አልጻፈም። ወንድሜ፣ ለዚህ ጽሑፍ መልስ ካለህ ከዚህ ጀምርልኝ። ግዢ ክፍል ያለው ያ ልጅ ነገ ንስሐ ቢገባ፣ እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ የተጨመረውን ብር ለማን ነው የሚመልሰው? ባለሱቁ ነገም «ስንት ብዬ ልጻፍልህ?» ሲለውስ ምን ብሎ ይመልስለት?